ከእጅ በፊት ትንፋሽ

ዛሬ ጎንደር፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኳየር ልምምድ ላይ ጎልቶ የታየው የመሪነት ሰልጣኞቹ እጅ ነው። ሁሉም የመጀመሪያዋን ምት ለማሳየት ይቸኩላሉ፤ ዘማሪው ግን የሚነሳው ከእሷ በፊት ባለችው የዝግጅት ምት ነው። እጅ ከፍ ሲል መሪውም አብሮ አየር ይሳብ፣ ያውም በዜማው ፍጥነት ልክ። እጁ ተነስቶ ትንፋሹ ከቀረ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ትቀድማለች፣ ባስ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) ይዘገያል።

ቺክቺካ ሲሆን 6/8ን (በአንድ ዙር ስድስት አጫጭር ምት ያለውን) ስድስት ጊዜ መምታት ክንድ ያዝላል፣ ዜማውንም ይጎትታል። በ2 ምቱት፤ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሦስቱን በልባችሁ ቁጠሩ።

በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ደግሞ ግማሽ ድምፆቹ (እጅግ የተቀራረቡት የዜማ እርከኖች) እየላሉ የመላው ኳየር ድምፅ ይወርዳል። ዜማውን በፒያኖ ከመደጋገም ግጥሙን ትቶ በ«ኑ» ብቻ፣ በለሆሳስ ማዜም ይሻላል። አልቶና ቴነር (መካከለኞቹ የሴትና የወንድ ድምፆች) የሚደማመጡት ያኔ ነው!