ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን የከሰሰችበት ፋይል

ለማስተርስ ቴሲስ ስለ ውጭ ፖሊሲያችን ልጽፍ ነው ስል ሁሉም ሰው አባይን ስሪ ነበር ያለኝ። አባይ ላይ የሚጽፍ አይጠፋም፣ እኔ የያዝኩትን ግን እዚህ አገር የሚነካው ሰው ብዙም አላየሁም። የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ክስ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ ማለት ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 1953 (ቀኑን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ፣ አይሲጄ (ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት) ከሰሷት፣ እንድታስተዳድረው ከሊግ ኦፍ ኔሽንስ (ከተመድ በፊት የነበረው የአገሮች ማኅበር) በአደራ የተቀበለችው ሕዝብ ላይ አፓርታይድ እየጫነች ነው ብለው። ከዛ በፊት ሰኔ 1952 ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው መክረውበታል። ከሳሾቹ እነሱ ሁለቱ የሆኑት የአደራው ውል መክሰስ የሚችለው የሊግ ኦፍ ኔሽንስ አባል ነው ስለሚል ነው፣ ከጥቁር አፍሪካ ደግሞ አባል የነበሩት እነሱ ብቻ ናቸው። እኔን እዚህ ጋ ነው የሚነካኝ። በ1916 ሊጉ ውስጥ የገባነው አንድ ቀን ይጠብቀናል ብለን ነው፣ ጣሊያን ሲመጣ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ እና ያ እኛን ያላዳነ አባልነት ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሕዝብ መከራከሪያ ሆነ።

ክሱ ከገባ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የታህሳስ ግርግር መጣ፣ ቢሆንም ጉዳዩ አልቆመም። በ1955 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 7 ክሱን ማየት እችላለሁ አለ። ከዛ ክርክር፣ ምስክር፣ ደቡብ አፍሪካ ያመጣቻቸው ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ ዘርን መለየት ተገቢ ነው ብለው የመሰከሩበት (ይሄን ሳነብ በጣም ነው የከፋኝ፣ እኛም ሪሰርች ነው የምንለው እነሱም ሪሰርች ነው ያሉት)። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ድምፁ 7 ለ 7 እኩል ወጣ፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር ድምፅ እኩል ሲሆን በሚሰጡት ተጨማሪ ድምፅ ለደቡብ አፍሪካ ወሰኑ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ። ወደ ስድስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ።

ስለዚህ ፍርድ የተጻፈው ብዛቱ! ግን አብዛኛው የሕግ ሰዎች ስለ ዳኞቹ የጻፉት ነው፣ ኢትዮጵያ የምትገኘው በክሱ ስም ላይ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ማን ወሰነ፣ ወጪውን ማን ቻለ፣ ጠበቃው አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ በ1957 ጭቆናውን በማስረጃ የማሳየቱን መንገድ ትተው ክሱን በዘር አድልዎ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ በሚለው ላይ ብቻ ሲያቆሙት ከዚህ የተላከ ትዕዛዝ ነበር ወይስ የራሳቸው ሐሳብ። የፍርድ ቤቱ ሰነድ ዌብሳይቱ ላይ በነጻ አለ፣ በቅጽ በቅጽ። ከኛ በኩል ያለው ግን... አንድ መዝገብ ቤት ደብዳቤ አስገብቼ እስካሁን ነገ ተመለሺ ነው።

ንጉሡ ለስም ነው ያደረጉት የሚሉ አሉ። ስም የለበትም አልልም፣ ግን ለስም ብቻ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት መመላለስ አይገባኝም። የሚከብደኝ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 7 ያለው ታህሳስ 1955 ነው፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን የፈረሰው ደግሞ ከዛ አንድ ወር ቀደም ብሎ ህዳር ላይ። ያው መንግሥት ነው። አድቫይዘሬ ይሄ ከርዕስሽ ውጭ ነው አሉኝ፣ እኔ ግን ከቴሲሱ አላወጣውም።

ሽንፈቱ እንኳን ከንቱ አልቀረም፣ በጥቅምት 1959 የተመድ ጉባኤ 114 ለ 2 ሆኖ አደራውን ነጠቀ፣ በ1963 ራሱ ፍርድ ቤቱ የደቡብ አፍሪካ ቆይታ ሕገወጥ ነው አለ፣ ናሚቢያ መጋቢት 12 ቀን 1982 ነጻ ወጣች። ታህሳስ 2016 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ራሷ በጋዛ ጉዳይ እስራኤልን ስትከስ እኛን ያባረሩበትን በር ነው ያንኳኳችው፣ ያኔ ተከሳሽ የነበረችው አገር።

ባለፈው አንድ በዛ ዘመን ውጭ ጉዳይ የሠሩ ጋሼ አናገሩኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ይሄን እከሌን ጠይቂው ልጄ ይሉኛል፣ ትንሽ ቆይተው ለካ እሱም አርፏል ይላሉ፣ ሌላ ስም ይጠራሉ፣ እሱም አርፏል። ስለዚህ እባካችሁ አባታችሁ ወይ አያታችሁ በ50ዎቹ ውጭ ጉዳይ ወይ ኤምባሲ የሠሩ ካላችሁ ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ሬከርድ አድርጓቸው፣ ደብዳቤም ፎቶም ካለ አትጣሉ፣ ለኔ ባይሆን ከኔ በኋላ ለሚጽፈው ይሆናል።