ዳማ ያነከሰው ዳገት ላይ አልነበረም

ውሻዬ ዳማ ይባላል። ዳማ ፈረስ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ሲሰጡኝ አባቱ የጀርመን ሼፐርድ ነው ብለውኛል፤ እናቱ የሰፈር ውሻ መሆኗን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ያመጣሁት ግቢ እንዲጠብቅ ነበር። ስምንት ወር ሲሞላው እግሩ ረዘመ፣ ደረቱ ሰፋ፤ እኔም ደሴ ላይ ብቻዬን መሮጥ ሰልችቶኝ ስለነበር የሩጫ ጓደኛ አገኘሁ አልኩ።

ሥራዬ ስፖርት ማስተማር ነው። ተማሪ ሳያሟሙቅ ኳስ ሲነካ ካየሁ እቆጣለሁ። ዳማን ግን ከተኛበት ቀስቅሼ፣ በር ከፍቼ፣ በቀጥታ ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ነበር የማስሮጠው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት። መልሱ ቁልቁል ስለሆነ እንደ ልባችን እንለቀዋለን። ደስታው ልክ አልነበረውም። ውሻ እንደሆነ ጌታው ካልቆመ አይቆምም፤ እያመመውም ይከተላል።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ የፊት ግራ እግሩን ሸሸት አደረገ። ጥቂት ሲራመድ ተወው። "ብርድ ነው" አልኩ። ደሴ ላይ ሰው ያመመውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳብበው በብርድ ነው፤ ለውሻም ሠራሁበት። እንደዚያው እየሮጥን ሁለት ሳምንት ቆየን፤ ከዚያ በሦስት እግሩ መሄድ ጀመረ።

መጀመሪያ የታሰበኝ ለጉልበቴ የገዛሁት ዲክሎፌናክ ነው፤ ግማሹን ሰብሬ በዳቦ ልጠቀልልለት ስል እናቴ ደረሰች። "የሰው መድኃኒት ለውሻ? ጠይቅ እንጂ ልጄ!" ጠየቅሁ። የእንስሳት ሐኪሙ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት የሰው ማስታገሻዎች የውሻን ጨጓራ እንደሚያቆስሉ፣ ኩላሊቱንም ሊያበላሹ እንደሚችሉ ነገረኝ። እናቴ ውሻ ግቢ ውስጥ እንዲገባ እንኳ አልፈለገችም ነበር፤ ያተረፈችው ግን እሷ ናት።

ሐኪሙ እግሩን ጣት በጣት፣ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ከዳሰሰ በኋላ ዕድሜውን ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ወር። የት እንደምንሮጥ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ስትመለሱስ?" አለ። እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ውሻ በቆመበት ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ጭነቱ ወደ ፊት የበለጠ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃም ፍሬን መያዝ ነው። በዚያ ላይ የትልቅ ዝርያ ውሻ አጥንት የሚያድግበት ጫፉ ገና ለስላሳ ነው፤ የሚዘጋው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። "ዳገቱ አልጎዳውም፤ ዳገቱስ ባልከፋ። ቁልቁለቱ ነው" አለኝ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቶ የኋላ ጭኖቹን ለካ። ያ ሁሉ ሩጫ ተሩጦ ጭኑ ቀጭን ነው፤ ደረትና ትከሻው ብቻ ነው የዳበረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ሦስት ሳምንት ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም፣ ደረጃ የለም። በገመድ አጭር የእግር ጉዞ ብቻ፤ መጀመሪያ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ማነከሱ ካልተመለሰ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ መጨመር። ይኼ ከሩጫው ይልቅ እኔን አደከመኝ። ቀስ ብሎ መሄድ ለውሻ ከባድ ሥራ መሆኑን የማውቀው አልነበረም። ሶምሶማ ሲል የታመመውን እግር ደብቆ ማለፍ ይችላል፤ በዝግታ ሲራመድ ግን አራቱንም በተራ መርገጥና ክብደቱን መጣል ግዴታው ነው። ገመዱን እንዳይጎትት ለጫማ ሰፊ አሮጌ ቀበቶዎች ሰጥቼ የደረት ማሰሪያ አሠራሁለት፤ አንገቱ ላይ የነበረው ሰንሰለት ያን ቀን ተፈታ።

ከዚያ ነው ግቢው ጂም የሆነው። የእናቴን የመጥረጊያ እንጨትና ሌሎች አራት ዘንጎች ሰብስቤ በጡብ ላይ አጋደምኳቸው። ከፍታቸው ከፊት እግሩ አንጓ አይበልጥም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ከመሬት እስከ ትከሻው ያለው ቁመቱ ያህል ነው። ማዘለል አይደለም ዓላማው። እያንዳንዱን እግር አንስቶ፣ የት እንደሚያስቀምጥ አስቦ እንዲሻገር ነው። የመጀመሪያ ቀን የኋላ እግሮቹ መኖራቸውን የረሳ ይመስል ነበር፤ ፊቱ ተሻግሮ ኋላው እንጨቱን ሁሉ አንኮታኮተው። አንድ የሰፈራችን አዛውንት አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው "ለሰው ጠፍቶ ለውሻ ጂም ተከፈተ!" አሉኝ። "ምን ላድርግ አያ፣ ያበላሸሁት እኔው ነኝ" አልኳቸው።

ሌሎቹም የቤት ውስጥ ነገሮች ናቸው። ከመቀመጥ ወደ መቆም፦ ቂጡን ወደ አንድ ጎን ሳያጋድል፣ ሁለቱንም የኋላ እግሮች አስተካክሎ ተቀምጦ፣ የፊት እግሩን ሳያንቀሳቅስ መነሳት። ወደ ኋላ መሄድ፦ በግድግዳና በአግዳሚ ወንበር መካከል አስገብቼ በቁራጭ ሥጋ እየመራሁ። የፊት እግሮቹን አሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አቁሞ ለአሥር ሰከንድ ሚዛን መጠበቅ። በሁለት ባልዲዎች ዙሪያ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በዝግታ መዞር፣ በግራም በቀኝም። እዚህም አልተማርኩም፤ መነሳትና መቀመጡን በመጀመሪያው ቀን ሃያ ጊዜ አሠራሁትና በማግስቱ እንጨት ሆኖ ዋለ። አሁን አምስት አምስት ጊዜ ነው፤ አካሄዱ ሲበላሽ ወይም ማዛጋትና ፊቱን ማዞር ሲጀምር እንተወዋለን። በተከታታይ ሁለት ቀን አንሠራም።

የኮምቦልቻው ነገር ሌላ ነው። እህቴ እዚያ ናት። ዳማ ሲድን፣ አንድ እሑድ ይዤው ወረድኩ። ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለሃል፤ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ዳማ ግን ጃኬቱን አያወልቅም። ውሻ ከመዳፉ ሥር በስተቀር አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ይኼን እያወቅሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ኳስ ወረወርኩለት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምላሱ እንደ ማንኪያ ሰፍቶ ተንጠለጠለ፣ ድዱ እንደ ደም ቀላ፣ የኋላ እግሩ ተንገዳገደ። እህቴ በባልዲ ውኃ እየቀዳች እኔ መላ አካሉን፣ በተለይ ሆዱንና ብብቱን አራስኩት፤ ጥላ ውስጥ አድርገን በካርቶን አራገብንለት። እርጥብ ፎጣ እንዳለብሰው የከለከለችኝም እሷ ናት፤ ትክክል ነበረች፣ ፎጣው ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍናል። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ዳማ ስንት እንደደረሰ አልለካሁም፤ ቴርሞሜትር የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አሁን የምንወጣው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው፤ አስፋልቱን በእጄ ጀርባ ለሰባት ሰከንድ መንካት ካልቻልኩ እሱም አይረግጠውም።

ዋና ያስጀመርኩት ሐይቅ ላይ ነው፤ ፒክአፕ ያለው ጓደኛዬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰደን። መገጣጠሚያ ሳይጫን ጡንቻ የሚሠራበት ከዋና የተሻለ ነገር የለም፤ በረጅም ገመድ ይዤው ከዳር፣ በመጀመሪያ አንድ ደቂቃ ብቻ። የፊት እግሮቹን እየደበደበ ኋላው ሲሰምጥ ሆዱን በእጄ ደገፍኩት። በወር አንዴ ከሄድን ትልቅ ነገር ነው፤ ቦርከና ቅርብ ነው፣ ግን በከተማ መሐል የሚያልፍ ውኃ ስለሆነ አላስገባውም።

ምግቡ ላይ ብዙ ተሳስቼ ነበር። ከማዕድ የተረፈ ወጥ የነካው እንጀራ ይበላ ነበር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይሆንም። ሥጋ ቤት የሚሰጡኝን ሳንባና ጉበትም ጥሬውን እወረውርለት ነበር። ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለው የውኃ ቋት መሰል እብጠት ለውሻው ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል። አሁን በደንብ ተቀቅሎ ከሩዝ ጋር ነው፤ የትል መድኃኒቱንና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ቀን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። የጎድን አጥንቱን በእጄ ስዳብስ ሳልጫን መቁጠር ከቻልኩ ክብደቱ ደህና ነው። በልቶ ወዲያው አይሠራም፤ ሆዱ ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል።

ሰዓቱንም ቀይሬያለሁ። በፊት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስንወጣ ለሱብሂ ሶላት የሚሄዱና ኪዳን የሚያደርሱ ሰዎች ጠባቧ መንገድ ላይ ይገጥሙን ነበር። ለሶላት የሚሄድ ሰው ልብሱን የውሻ ምራቅ ከነካው ሊያጥብ ይመለሳል፤ ማንም ተቆጥቶ አልተናገረኝም፣ ግን ግድግዳ ተጠግተው ሲያልፉ አፍር ነበር። አሁን 12 ሰዓት ተኩል ነው። ጅብም በዚያ ሰዓት ወደ ገደሉ ተመልሷል።

ዳማ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። የኋላ ጭኖቹ በሜትር ተለክተው በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ጨምረዋል፤ ግራና ቀኙም እኩል ሆነዋል። ሩጫ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አፈር ላይ። እሑድ ጦሳ እንወጣለን፤ ሽቅብ እሱ ይመራል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ሳልነግረው ቁጭ ብሎ ገመዱን እስካስርለት ይጠብቃል። ቁልቁሉን በእግራችን ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ እናቴም ቁርሱ ቀዘቀዘ ብላ ትጮኽብናለች።