ማዳበሪያ ነክቶታል?

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደር ውስጥ የሰዉ ሁሉ ወሬ የዓመት ጤፍ ነው። ማን ከየት ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ የደምቢያ ነው ወይስ የሌላ። ቅዳሜ ገበያ ብትወጡ ሸማቹ ጤፉን ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያፈሳል፣ እፍ ይላል፣ ትንሽ ያኝካል፣ ከዚያ ይጠይቃል። «ማዳበሪያ ነክቶታል?»

ሻጩም መልሱን በቃሉ ይዞታል። «ኧረ በፍግ የበቀለ ነው!» ጤፉ ያለበት ከረጢት ላይ ግን «ዩሪያ፣ 50 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍ ገና አልደበዘዘም። (እርግጥ ከረጢቱ ምንም ማስረጃ አይሆንም። እኛ ቤትም ሽንኩርት የሚቀመጠው በዚሁ ነው።)

ዘንድሮ ጥያቄው እኔንም ያዘኝ። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ የባልትና ሱቅ ልትከፍት ነው። ጤፍ፣ የሽሮ እህል፣ ማር፣ ቅቤ፣ የኑግ ዘይት፤ ሁሉም ከጎንደር። ማሸጊያው ላይ በትልቁ «ኦርጋኒክ» ብላ ልታሳትም አስባለች፤ የፋብሪካ ማዳበሪያም መርዝም ያልነካው ማለቷ ነው። እህሉን ፈላጊዋ እኔ ነኝ። ስላተመችው ቃል የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ደግሞ እኔኑ ነው የምትጠራው።

ስለዚህ ደንበኛዬ ጋ ሄድኩ። ከቆላ ድባ ወዲያ ያርሳሉ። እናቴ ከአባታቸው ትገዛ ስለነበር አይዋሹኝም።

«አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጤፉን ማዳበሪያ ነክቶታል?»

«ነክቶታል እንጂ።»

ትንሽ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«አንቺ ቤት እንጀራው በምን ይጋገራል ልጄ?»

«በመብራት ነው። ሲጠፋ በኩበት።»

«ኩበቱንስ ማን ሸጠልሽ?»

አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ሳቁ። የሸጡልን እሳቸው ናቸው። ኩበታቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሲደርቅ አምስቱ ጣታቸው ላዩ ላይ እንደታተመ ይቀራል። እበቱን ከጭድ ጋር ያሹታል፣ ይጠፈጥፉታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ከዚያ በአህያ ወደ እኛ ይመጣል። ማሳው ላይ ቢበተን ኖሮ ያ የምንመኘው ፍግ እሱ ነበር። ማገዶ በጠፋበት አገር ከተማውም ገጠሩም ፍጉን ያነደዋል፣ ከዚያ ከተማው ገበያ ወጥቶ «በፍግ የበቀለ አለ ወይ?» ይላል።

ደግሞ ቢበተንስ ይበቃል ወይ? ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ሰብሉ የሚፈልገው ናይትሮጅን ነው። ያን ያህል ከፍግ ለማግኘት የጭነቱ ብዛት ሌላ ነው፤ አህያዋም ትመሰክራለች። ለዚህ ነው ፍጉም አመዱም ከጓሮ የማያልፈው። የአያ ጎመን፣ በርበሬና ድንች እውነትም ማዳበሪያ አያውቁም። ራቅ ያለው የጤፍ ማሳ ግን የከረጢቱን ይጠብቃል። ሽምብራ የተነሳበት ማሳ ላይ ብቻ ቀነስ አድርገው ይነሰንሳሉ። ሽምብራ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን ይዞ ስለሚያድር መሬቱ ይመለስለታል። ይህንን ማንም ሳያስተምራቸው ከአባታቸው ነው የወረሱት።

በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ በክልላችን ገበሬው አቤት እያለ አደባባይ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። ያን ክረምት ስንቱ ሳይወድ በግዱ ኦርጋኒክ ዘራ። ምርቱ ሲወጣ ግን «ዘንድሮማ ማዳበሪያ ስላልነካው ጨመር አድርገን እንግዛችሁ» ያለ ሸማች አላጋጠመኝም። እኔም አላልኩም፣ እናንተም አላላችሁም።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ግን ቀጥለው የተናገሩት ነው። «ስለ ማዳበሪያ ሁሉም ይጠይቀኛል። ስለ ክኒኑ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።»

ክኒን የሚሉት ነቀዝ እንዳይገባ እህል ውስጥ የሚከተተውን ነው። እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውንም ይገድላል። ጤፍ ይህ አያስፈልገውም፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ አይደፍረውም። መጠየቅ ያለበት ሽምብራው፣ ባቄላው፣ በቆሎው ነው። ያ ማለት ሽሯችን ነው! እኛ ግን ጤፉ ላይ ተንጠልጥለን ሽምብራውን ዓይናችንን ጨፍነን እንገዛለን። እሳቸው አሁን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ገዝተዋል። የውስጠኞቹ ሁለቱ ፕላስቲክ ናቸው፣ አፋቸው አንድ በአንድ ተጠምዝዞ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ነቀዙም አየር አጥቶ ይሞታል። ክኒን የለ፣ ሽታ የለ። ከረጢቱ ግን ከተራው ከረጢት ይወደዳል፤ ልዩነቱን የከፈሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጤፉስ ምንም አይረጭም?» አልኳቸው።

«ለአረም ነዋ።» ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይረጫሉ። በእጅ የሚያርም ሰው ጠፋ። የክረምቱ ሥራ ሲደርስ ጎረምሳው ወደ መተማ ይወርዳል፣ ለሰሊጡ አረም በቀን ክፍያ ይሠራል። እዚህ የቀሩት ሽማግሌና ልጆች ናቸው። የጤፍ አረም ደግሞ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ «ከቅርብ ነው የመጣው» ሲሉኝም ቶሎ አላምንም። ከተማው ውስጥ በሚያልፉት ወንዞች ዳር የሚበቅል ጎመን ከሁሉም ይቀርባል። ግን ወንዙ ከላይ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለውን አብስዬ እበላ ይሆናል፤ ሰላጣ ከሆነ ግን ጭራሽ አልነካውም።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩ። «ኦርጋኒክ» የሚለውን እንድትተወው ነገርኳት። ኦርጋኒክ ግብርናን የሚመለከት ሕግ አገራችን አላት፣ አዋጅ ቁጥር 488፣ በ1998 የወጣ። ማረጋገጫውን በብዛት የሚያወጡት ግን ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልኩት ናቸው። ለአውሮፓ ገበያ እንደ ጤፍ ያለ ዓመታዊ ሰብል ከሆነ መሬቱ ከመዘራቱ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት በኦርጋኒክ ሥርዓት መያዝ አለበት። መዝገብ ይያዛል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ይከፈላል። ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ብቻውን አይችለውም፤ በማኅበር ካልሆነ።

«ሁሉም እየጻፈው አይደል እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት። ሻምፑ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ግን እኔ ነኝ እዚህ ያለሁት፤ አያን ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይን ለዓይን የማያቸው።

ከዚያ የእሳቸውን ሐሳብ ነገርኳት። ስሰናበት እንዲህ ብለውኝ ነበር። «በጥር መጥታችሁ ጥሩ ዋጋ እንሰጣለን ከምትሉኝ፣ በነሐሴ የአራሚ ስጡኝ። ያኔ አልረጭም።» ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ምሳና ጠላው ስንት እንደሚወስድ እዚያው ቆመው ቆጠሩልኝ። ማዳበሪያውን በአንዴ እተዋለሁ አላሉም፤ እኔም አላስገደድኳቸውም። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ከየትኛውም ማኅተም ይሻላል። የምትከፍይበትን ሥራ ታውቂዋለሽ፣ ማሳውንም ሄደሽ ታይዋለሽ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ አንገራገረች። «ዝናቡ ቢያጠፋውስ? ብሬስ?» ጥያቄዋ የነጋዴ ነው፣ አልፈርድባትም። ግን ያው ዝናብ የእሳቸውንም ነው የሚያጠፋው። በመጨረሻ ማሸጊያው ላይ ወረዳውንና የታጨደበትን ወር ልትጽፍ፣ ሽምብራው ላይ ደግሞ «የነቀዝ መድኃኒት ያልገባበት» ልትል ተስማማን። የአራሚውን ብር በግማሽ ማሳ ልትሞክረው ነው። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ከላከች ይዤላቸው እወርዳለሁ። ማሩን እያፈላለግሁ ነው። ቅቤውን ግን ከሌላ ሰው ትፈልግ፤ ቅቤ ላይ የማንንም ቃል አላምንም፣ ሙዝ ተፈጭቶ የገባበትን ገዝቼ አውቃለሁ።