የደሴ ፀሐይ በሬንደር ውስጥ

የሕንፃን ውጫዊ ገጽታ ሬንደር ማድረግ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ሞዴል ፎቶ መሰል ምስል ማውጣት፣ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚያጓጓው ዛፉ፣ መኪናውና የመስታወቱ ብልጭታ ነው። እኔ ትምህርቱ ከፀሐይና ከመሬት ይጀመር ባይ ነኝ። በቪዲዮ የምንከታተላቸው አስተማሪዎች አብዛኞቹ ፀሐይ ቀትር ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል በምትውልበት አገር የተቀመጡ ናቸው። «የሰሜን ፊት ጥላ ነው» ይላሉ፤ ላሉበት አገር ልክ ነው። ወሎ ላይ ግን የዓመቱን ሲሶ ያህል አይሠራም።

ደሴ በ11.1 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.6 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ 11 ገደማ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ድረስ ቀትር ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። ልዩነቱን ለማየት ጠዋት 3 ሰዓትን ብቻ መውሰድ ይበቃል። ታኅሣሥ 12 ቀን ፀሐይ በዚያ ሰዓት 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ከደቡብ ምሥራቅ ትመታለች፤ የ6 ሜትር ግድግዳ ጥላ 10 ሜትር ይደርሳል። ሰኔ 14 ቀን በዚያው ሰዓት 40 ዲግሪ ከፍ ትላለች፣ ከምሥራቅም ወደ ሰሜን 20 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ጥላው ወደ 7 ሜትር ያጥራል፣ የሰሜኑ ግድግዳም ብርሃን ያገኛል። ስለዚህ ዋና ፊቱ ወደ ሰሜን ለሆነ ቤት ቀኑን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሰዓቱን ጠዋት 3 ወይም ከሰዓት በኋላ 10 አድርጎ መሞከር ያዋጣል። የደቡብ ፊት ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ግሩም ናቸው። ቀትርን እተዋለሁ፤ ፀሐይ ከአናት ላይ ቀጥ ብላ ስትመታ የጣሪያው ክፈፍ ጥላ ግድግዳውን ሁሉ ይውጠዋል።

ይህን ሶፍትዌሩ ውስጥ ሲያስገቡ ሦስት ወጥመድ አለ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 3 ብሎ የጻፈ ሰው ድቅድቅ ጨለማ ያገኛል፣ 9 ተብሎ መጻፍ አለበት፣ ከሰዓት 10 ደግሞ 16 ነው። ቀኑም እንዲሁ፤ ታኅሣሥ 12 ማለት ዲሴምበር 21 ነው። የሰዓት ክልሉ +3 ካልተባለ ፀሐይዋ የ3 ሰዓት መንገድ፣ ማለትም 45 ዲግሪ፣ ትዛባለች። በዚህ ላይ ፕላኑ ብዙ ጊዜ የሚሣለው ለወረቀቱ እንዲመች ተደርጎ ስለሆነ፣ የሰሜን ቀስቱን ማዕዘን ለክቶ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሞዴሉን በሙሉ አንድ ግራጫ ቀለም ቀብቶ በትንሽ መጠን፣ በ960 በ540 ፒክሰል፣ ማውጣት ነው። በግራጫው ያላማረ ብርሃን በቴክስቸር፣ ማለትም ላዩ ላይ በሚለጠፍ የቁሳቁስ ምስል፣ አያምርም።

ደሴ ላይ ደግሞ ጦሳ አለ። ተራራው ከተማዋን በምዕራብ በኩል ስለሚከልላት፣ ጫፉ ከሳይቱ (ከግንባታው ቦታ) ላይ ሲታይ 10 ዲግሪ ከፍ ካለ ቀጥተኛዋ ፀሐይ ከመጥለቂያዋ 40 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትሰወራለች። ወደ ምዕራብ በሚያይ ፊት ላይ ወርቃማ የምሽት ብርሃን የሚያፈሱ ሬንደሮች ያምራሉ፣ እውነት ግን አይደሉም። ማዕዘኑን ሳይቱ ላይ ቆሞ በስልክ መለካት ቀላል ነው።

መሬቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይጥፋ። ደሴ ውስጥ ዝርግ ቦታ ብርቅ ነው። 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ይዞታ በ15 በመቶ ቢያዘቀዝቅ ከፊት እስከ ኋላ የ3 ሜትር ልዩነት አለው፤ አንድ ፎቅ ማለት ነው። ጀማሪው ሕንፃውን ዝርግ ሣር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ግንባታው ሲጀመር በምስሉ ያልነበረ የድጋፍ ግንብ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ቀያሹ ያወጣው የ1 ሜትር ኮንቱር (የከፍታ መስመር) ካለ በእሱ መሥራት፣ ከሌለ ቢያንስ የአራቱን ማዕዘኖችና የመንገዱን ከፍታ ይዞ መሬቱን ማዘንበል ይቻላል። የድጋፍ ግንቡ፣ የውጭ ደረጃውና የጎርፍ መውረጃው ሞዴሉ ውስጥ መግባት አለባቸው። ግድግዳው መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ ቀጭን የጠጠር መስመርና ከታች ትንሽ የጭቃ ፍንጣቂ ቢኖር ሕንፃው ተንሳፋፊ አይመስልም።

የቀያሹ ፋይል ሌላም መዘዝ አለው። ቦታን በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም ዞን 37፣ ከተሠራ የደሴ የሰሜን ቁጥር (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት) ከ1,230,000 ሜትር በላይ ነው። የሞዴልና የሬንደር ሶፍትዌሩ ብሌንደር ነጥቦችን የሚይዘው በ32 ቢት ቁጥር ስለሆነ፣ ከዜሮ ነጥቡ ያን ያህል ርቆ የሚቀመጥ ሞዴል ላይ አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው በ12.5 ሳንቲ ሜትር ይዘላል። የ5 ሳንቲ ሜትር የመስኮት ክፈፍ በዚያ መካከል ምን ሊሆን? ይጨማደዳል፣ ጥላው ይቦጫጨቃል፣ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሞዴሉን ወደ ዜሮ ነጥብ ማምጣትና የተቀነሰውን ቁጥር ጽፎ መያዝ ብቻ በቂ ነው።

ቁሳቁስ ላይ ዋናው ነገር ልኬት ነው። ብሎኬት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መካከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቡኬት አለ። 2 ሜትር ስፋት ያለው የቴክስቸር ፎቶ 6 ሜትር ላይ ከተለጠጠ ብሎኬቱ 120 በ60 ይሆናል፣ ጂ+1 ቤቱም መጫወቻ ይመስላል። ከ0 እስከ 255 ባለው የቀለም ሚዛን ነጭ ቀለም 255 አይሰጠውም፤ 225 እስከ 230 ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ብርሃኑ እየተንጸባረቀ ጥላዎቹን ያጠፋቸዋል። ጥቁር ድንጋይም ከ50 በታች ባይወርድ ይሻላል። የኮንክሪትና የልስን ማዕዘን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዝብ፤ ምላጭ የመሰለ ጠርዝ ብርሃን አይዝም። ደሴ ከላይ የምትታይ ከተማ ናት፣ ስለዚህ ቆርቆሮው ችላ አይባልም፤ የማዕበሉ ርቀት 7.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሩቅ ሲታይ መስመሮቹ እየተደራረቡ እንግዳ ቀለበት ከሠሩ የናሙና ቁጥሩን (ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ብርሃኑን የሚያሰላበትን ጊዜ ብዛት) ከፍ ማድረግ ነው። መስታወት ጠቆረ የሚል ቅሬታ የተለመደ ነው። መስታወቱ የሚያንጸባርቀው ከካሜራው ጀርባ ያለውን ስለሆነ፣ እዚያ ባዶ ከሆነ የሚያሳየው ነገር የለውም። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ቤቶች በሣጥን ቅርጽ እንኳ ማቆም፣ ውስጡ 3 ወይም 4 ሜትር የገባ ክፍል መሥራት፣ ከመስታወቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ መጋረጃ መስቀል ያድነዋል። የመስታወቱ የብርሃን ስብራት ቁጥር 1.52 ነው።

ካሜራው ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ፣ ሌንሱ ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከቁልቁለቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚነሣ ሕንፃ ካሜራውን አያንጋጡ፤ በውሃ ልክ ትተው ሺፍት በሚለው ያንሡት፣ አለዚያ ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ ይወድቃሉ።

ዛፍ? የሶፍትዌሮቹ ላይብረሪ በፈረንጅ ዛፍ የታጨቀ ነው። ደሴ ላይ ባህር ዛፍና ጽድ፣ ኮምቦልቻ ወረድ ሲሉ ግራር። ጥቂት ይብቃ። ሰማዩንም በብሌንደር ስካይ ቴክስቸር ሲሠሩ የከፍታው ቦታ ላይ ለደሴ 2,500፣ ለኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ይሞላል።

የመጨረሻው ምስል ለኤ3 ኅትመት በ300 ዲፒአይ 4961 በ3508 ፒክሰል ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሩቅ ለሚታይ 2480 በ1754 ይበቃል፣ ሥራውም በአራት እጥፍ ይቀንሳል። ኖይዙን (በምስሉ ላይ የሚታየውን ብናኝ) በግማሽ ለመቀነስ ናሙናው አራት እጥፍ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከተወሰነ ናሙና በኋላ የኖይዝ ማጥሪያውን መጠቀም ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ምስሉን በአራት አግድም ቁራጭ ከፍሎ ማውጣት ብልኅነት ነው፤ አንዱ ቢቋረጥ ሦስቱ ይተርፋሉ። ቁራጮቹ ግን ሳይጣሩ በኢኤክስአር የምስል ፋይል ይቀመጡ፤ ማጥሪያው ከተገጣጠሙ በኋላ በአንድ ጊዜ ካልተሠራ መገጣጠሚያው ላይ መስመር ይታያል።