ከውጤቱ በኋላ የሚደወል ስልክ

ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ካለ በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ የቱንም ያህል ቢብራራ፣ ከታማሚው ጆሮ እምብዛም አይገባም። ጥያቄው የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ፣ እንቅልፍ በሚጠፋበት ሌሊት ነው፤ ባሕር ዳር ተመርምሮ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና የተመለሰ ሰው ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ዳግም አይሳፈርም። ስለዚህ ውጤቱ ሲነገር አጠገብ የነበረችው ነርስ ራሷ፣ ሕክምናው እስኪጀመር ባሉት ሳምንታት ቀን ቆርጣ መደወል አለባት ባይ ነኝ።

እኔም ነርስ ነኝና ችግሩን አውቀዋለሁ። በገጠሩ ስልኩ ብዙ ጊዜ የልጅ ወይም የባል ነው፤ ድምፁም ተለቆ ቤተሰቡ በሙሉ ያዳምጣል። አንዳንዴ ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ እናታችን እጢ ነው ብለን ነው የነገርናት» ይላል። በስልክ መርዶ አላረዳም፤ ታማሚዋ ራሳቸው ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሐኪሙ ፊት እንዲነገራቸው ከልጁ ጋር እንስማማለን።

«እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ሲባሉ መልሳቸው «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ወሬው በዚያው ይዘጋል። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው ይሄዱ እንደሆነ መጠየቅ የበለጠ ያናግራል። ጭንቀትን ከ0 እስከ 10 የሚለካ የታወቀ መጠይቅ አለ፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ብሎ መመርመር ይገባል። ሆኖም «ቁጥሩን ፈጣሪ ያውቃል» የሚሉ አሉና፣ ካለፈው ሳምንት ይሻላል ወይስ ይብሳል ብሎ መጠየቅም ያስኬዳል።

ድባቴን (ዲፕሬሽንን) ለመለየት የሚያገለግል ሌላ መጠይቅም አለ፤ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ሞት ምኞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ይህ ጥያቄ ስልኩ ለሰው ሁሉ እየተሰማ አይጠየቅም። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ «አዎ» የሚል መልስ ከመጣ ግን፣ የሚያምኑት ዘመድ አጠገባቸው እስኪደርስና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ስልኩ አይዘጋም።

አብዛኛው ጭንቀት ግን ሲጠየቅ መልክ አለው፦ የመሳፈሪያ ብር፣ የልጆች ነገር፣ የጠጉር መርገፍ፣ ጸበሉን ላቋርጥ ወይ የሚለው። «አይዞዎት» ብቻ ለእነዚህ መልስ አይሆንም። ጠጉር የሚያረግፈው መድኃኒት ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ እንደሚረግፍ፣ ሕክምናው ሲያበቃም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚበቅል፣ ጸበሉም መድኃኒቱን እስካላስቋረጠ ድረስ እንደማይከለከል በግልጽ መንገር ይሻላል። መስመር ስለሚቆራረጥም የጎረቤት ቁጥር፣ በታማሚዋ ፈቃድ፣ ከመጀመሪያው ቀን መመዝገብ አለበት።