ደብተሩ የተደገፈበት መስታወት

ዛሬ ጠዋት በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የዓሣ ገንዳችንን መስታወት ከአረንጓዴ አልጌ እያጸዳሁ ሳለ፣ ልጄ በመስኮቱ በኩል ገንዳውን ተደግፎ ለሳምንታት የቆየውን ደብተሯን አነሳች። ዙሪያው በሙሉ አረንጓዴ ለብሶ፣ ደብተሩ የከለለው ቦታ ብቻ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አራት ማዕዘን ሆኖ ጥርት ብሎ ቀርቷል። «አባዬ፣ ይህችን ብቻ ማን አጸዳት?» አለችኝ።

እኔ እስከ ዛሬ ጥፋቱን በውኃው ላይ ነበር የማላክከው። በዚህም የተነሣ አልጌ በታየ ቁጥር ውኃውን በሙሉ እደፋለሁ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውኃ አጥባለሁ፤ ይህ ደግሞ (አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል) የዓሣውን ቆሻሻ ለዓሦቹ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በቧንቧ ውኃው ውስጥ ባለው ክሎሪን መግደል ነው። በየሳምንቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ብቻ መለወጥና ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ማለቅለቅ ይበቃ ነበር።

አልጌ የሚያድገው ብርሃንና ምግብ ሲያገኝ ሲሆን፣ እኛ ሁለቱንም ሳንሰስት ሰጥተነዋል፦ መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል መብራቱ ሲበቃ እስክንተኛ ይበራል፤ ዓሦቹ ሳይበሉት የሚቀረው መኖም በስብሶ አልጌው የሚመገባቸው ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፤ ገንዳው ትንሽ በመሆኑም አንዲት ቁንጥር ትርፍ መኖ እንኳ ውኃውን ታበላሸዋለች።

ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ በኩል ያለውን መስታወት በካርቶን ሸፈንሁት። ልጄ ደብተሯ ቢመለስ ይሻላል ብላ ተከራክራ ነበር፤ የቤት ሥራዋ እዚያው ውስጥ እንዳለ የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።