ያልበደለው ብሮንዚን

መኪናዋ 340,000 ኪሎ ሜትር የሄደች፣ ባለ 4 ሲሊንደርና አውቶማቲክ ማርሽ ያላት ነበረች። ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር፣ በሚኒሞ ሲሠራ ከበታቹ ከባድና የማያቋርጥ ኳኳታ ይሰማል። ካቻቢቴ ብሎኩ ላይ አስደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ድምፁ ከወደኋላ፣ ከ4ኛው ሲሊንደር አካባቢ እንደሚመጣ በግልጽ ሰማሁ፤ ሲሊንደሩ እንዳይተኩስ የማቀጣጠያውን ኮይል ሶኬት ስነቅለው ደግሞ ድምፁ ተለወጠ። ከዚህ በኋላ ሌላ ምርመራ የሚፈልግ መካኒክ ጆሮውን የማያምን ነው የሚል እምነት ስለነበረኝ፣ ኮፈኑን እንኳን ሳልዘጋ ፍርዴን ሰጠሁ፦ የቢዬላ ብሮንዚን ነው። ቢዬላ ፒስቶኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው፤ ብሮንዚን ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚገባው፣ ሁለት ግማሽ ያለው ስስ ማቀፊያ።

ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ፣ መኪናዋን ከአዲስነቷ ጀምሮ ራሳቸው የነዱ ሴት ናቸው። የነገርኳቸውን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ “ልጄ፣ ማርሽ አስገብቼ ፍሬን ይዤ ስቆም እኮ ዝም ትላለች፤ ወደ ፓርኪንግ ስመልሳት ነው የምትጀምረው” አሉኝ። እኔም፣ “እናቴ፣ ሞተር ጭነት ሲያገኝ ድምፁ ይለዋወጣል” ብዬ መለስኩላቸው። ያልኩት ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ጭነት ሲጨመርበት የቢዬላ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ይብስበታል እንጂ አይጠፋም፤ ይህንንም ከማንም ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ከፍርዴ ጋር የማይስማማ እውቀት ስለነበረ ትዝ አላለኝም።

የዘይቱን ግፊትም ለክቼ ነበር፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ጌጁ 1.4 ባር አሳየ። ለዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ድንቅ ነው ብዬ አድንቄ አለፍኩት። ብሮንዚኑ ያን ያህል ከሰፋ ዘይቱ እየሾለከ ግፊቱ መውደቅ ነበረበት፤ ታዲያ ይህ ግፊት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ሰው ቆሞ ያደንቅ ነበር።

ሥራውን ሞተር ሳላወርድ ከሥር ለመሥራት ወሰንኩ። ዘይቱን አፍስሼ፣ ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርጄ፣ የፓምፑን መምጠጫ ወንፊት አጸዳሁ። ቢዬላዎቹን ከሥር የሚዘጉትን ካፖች ከመፍታቴ በፊት በእያንዳንዱ ካፕና በቢዬላው ጎን ላይ በነጥብ ምልክት አደረግሁ፤ ካፕ ከቢዬላው ጋር አንድ ላይ ተበስቶ የተሠራ በመሆኑ ከሌላ ቢዬላ ጋር ወይም ተገልብጦ ቢገጠም ክቡ ክብ መሆኑ ይቀራል። ፒስቶኑን ወደ ላይ ስገፋ የቢዬላው ቡሎን የክራንክሻፍቱን አንገት (ቢዬላው የሚያቅፈውን ክፍል) እንዳይጭር ጫፉ ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ አለበስኩት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሥራው በጥንቃቄ መሠራቱ እንዲታወቅልኝ ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ስህተት ስህተትነቱ እንደማይቀርለት ግን አልክድም።

የመጀመሪያዎቹን ግማሾች አውጥቼ ወደ ብርሃን ስይዛቸው የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይከብደኛል። ፍንዳታው የሚገፋው የላይኛውን ግማሽ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ግራጫው ለስላሳ ሽፋን ተፍቆ ከሥሩ ያለው መዳብ ቀልቶ ወጥቷል። ከአጠገቤ ባለው ጉድጓድ የሚሠራ ባልደረባዬ አንገቱን አስግጎ አየና፣ “አላልኩህም? ከበር ስትገባ ጀምሮ ብሮንዚን ናት” አለ። ከበር ስትገባ እሱ ሻይ ላይ ነበር፤ ቢሆንም ምስክር ማግኘት አይጠላምና ዝም አልኩ። ማንም 340,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ከፍቶ ያለቀ ብሮንዚን ቢያገኝ ምን ያስደንቀዋል የሚለው ጥያቄ ለሁለታችንም አልመጣልንም።

በብሮንዚኑና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት በፕላስቲጌጅ ለካሁ። ቀጭኑን ክር በደረቀ አንገት ላይ አጋድሜ፣ ካፑን በሚፈለገው ኃይል አጥብቄ፣ ክራንክሻፍቱን ንቅንቅ ሳላደርግ መልሼ ፈታሁትና የተጨፈለቀውን ክር ስፋት በመለኪያው ወረቀት አነበብኩ፤ 0.07 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሞተሩ መመሪያ ከ0.02 እስከ 0.05 ይፈልጋል፣ የመጨረሻ ገደቡ ደግሞ 0.08 ነው። ስለዚህ ብሮንዚኖቹ አልቀዋል፣ ገደቡን ግን አላለፉም። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዤ ሁለተኛውን ጣልኩት።

አንገቶቹን በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ለክቼ ክብነታቸው አለመዛባቱን ስላረጋገጥኩ መሞረድ አላስፈለገም። አዲሶቹን ግማሾች በክራንክሻፍቱና በቢዬላው ላይ በታተመው ቁጥር መሠረት መርጬ ገጠምኩ፤ ክፍተቱ 0.04 ሆነ። የድሮዎቹ ቡሎኖች ሲጠብቁ የሚሳቡ ዓይነት ስለሆኑ በአዲስ ቀየርኳቸው፤ መጀመሪያ በ20 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያም ተጨማሪ 90 ዲግሪ አዞርኳቸው። ኮፓውን ስመልስ ማሸጊያውን አሳስቼ ቀባሁ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተገፍቶ መምጠጫውን እንደሚደፍን ከሌሎች ሰዎች ሥራ ተምሬአለሁ።

ነዳጁን ዘግቼ የግፊቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ካሽከረከርኩ በኋላ አስነሳሁት። ድምፅ የለም። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ለባልደረባዬ በግንባሬ ምልክት ሰጠሁት። ቀዝቃዛ ሞተር ግን ዙሩ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ እየሞቀ ዙሩ ቀስ በቀስ ወርዶ ሚኒሞው ላይ ሲያርፍ፣ ያ ኳኳታ አንድም ነገር ሳይጎድልበት ተመለሰ። ጨርቁን ለምን ያህል ጊዜ እንደያዝኩት አላውቅም። ከዚያ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፍሬን ያዝኩና ማርሽ አስገባሁ፤ ዝም አለ። ወደ ፓርኪንግ መለስኩት፤ ጀመረ። ሴትዮዋ የነገሩኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር።

በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መገናኛ ላይ ያለችውን ትንሽ ሽፋን ከፍቼ ባትሪ ሳበራ ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ክራንክሻፍቱን የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ጋር የሚያገናኘው ስስ የብረት ሰሌዳ፣ ቮላኖው፣ በመሐሉ ባሉት ቡሎኖች ዙሪያ ተሰንጥቆ፣ በመፍቻ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ስንጥቁ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ማርሽ ሲገባ ጭነቱ ሰሌዳውን በአንድ ወገን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ጭነት ሲያጣ ይንኳኳል። የሚገኘውም ልክ ከ4ኛው ሲሊንደር ጀርባ ነው፤ ካቻቢቴዬ ስለቦታው አልዋሸኝም። የኮይሉን ሶኬት ስነቅልም የተለወጠው የሞተሩ ምት ነበር እንጂ ቢዬላው አልነበረም። ባልደረባዬ ስንጥቁን አይቶ፣ “እኔ መጀመሪያም ቮላኖ መስሎኝ ነበር” አለ። ለዚህ ንግግር እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም፤ ይህን ጽሑፍ ያነበው እንደሆነ እንደ መልስ ይቁጠረው።

በማግስቱ ካምቢዮውን አውርጄ ቮላኖውን ቀየርኩ፤ የዚህንም የእጅ ዋጋ አላስከፈልኩም። ብሮንዚኖቹ መቀየራቸው ትክክል ነበር ብዬ ግን አሁንም እከራከራለሁ፤ መዳብ የወጣበትን ብሮንዚን በእጁ ይዞ መልሶ የሚገጥም ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ሴትዮዋ ሲመጡ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸውና የድሮዎቹን ስምንት ግማሾች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ አሳየኋቸው። አንዱን አንስተው ቀይ የወጣውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“ሲንኳኩ የነበሩት እነዚህ ናቸው?”

“አይደሉም፣ እናቴ። ግን አልቀው ነበር።”

“ካለቁ ታዲያ ለምን አላንኳኩም?”

ይህን ጥያቄ በሚገባ መመለስ እችል ስለነበር ደስ አለኝ። ብረቱ ከብረቱ ጋር እንደማይነካካ፣ በመካከላቸው ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ሁሉን እንደሚሸከም፣ ክፍተቱ እጅግ ሲሰፋና ግፊቱ ሲወድቅ ግን ሽፋኑ ተቀድዶ መደባደብ እንደሚጀመር አብራራሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

“ግፊቱ ወድቆ ነበር?”

“አልወደቀም” አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከስምንቱ ሁለቱን አንስተው በመሐረባቸው ጠቀለሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ የቀሩትን ስድስቱን ደግሞ በእጃቸው ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ “እነዚህ አንተ ጋ ይቀመጡ፣ ልጄ” አሉኝ።